152830 ድንቅነሽ፦ ምህዋሯ፣ ግኝቷና ስሟ

በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ፣ ወደ ፀሐይ በሚቀርበው ጠርዙ በኩል፣ ድንቅነሽ የምትባል ትንሽ አስትሮይድ ትዞራለች። መለያ ቁጥሯ 152830 ነው። ከፀሐይ በአማካይ 328 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 3.24 ዓመት ይፈጅባታል። አማካይ ስፋቷ 719 ሜትር ብቻ ነው።

ስለ ድንቅነሽ ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከስሟ አያልፍም። ስሟ ደስ ይላል፣ ያኮራልም። ይሁን እንጂ ለአንድ አስትሮይድ ስም የሚወጣለት ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ቦታው ይለካል፤ ምህዋሩ እስኪጸና ድረስ ለዓመታት ይከታተሉታል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ወዲያ ነው። ድንቅነሽን ለየት የሚያደርጋት ደግሞ በአንዱ ደረጃ «ይኸው አወቅናት» የተባለው ነገር በቀጣዩ ደረጃ መታረሙ ነው። ሥራውን በዝርዝር ያየ ሰው ስሙን የበለጠ ይወደዋል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ነጥቧ እንዴት ተገኘች

ድንቅነሽ የተገኘችው ኖቬምበር 4 ቀን 1999 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሶኮሮ አቅራቢያ ነው። አግኚዋ አንድ ሰው አይደለም፤ ሊኒየር የሚባለው የሊንከን ላቦራቶሪ የሰማይ አሰሳ ነው። የአሰሳው ዋና ዓላማ ወደ ምድር የሚጠጉ አስትሮይዶችን መፈለግ ነበር። መሣሪያው ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው የመጣው በምድር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶችን ከመከታተል ሥራ ነው። ቀበቶው ውስጥ ያሉ እንደ ድንቅነሽ ያሉ አካላት ለዚህ አሰሳ የጎን ምርት ነበሩ፤ ግን በሺህ የሚቆጠሩ የጎን ምርቶች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን የሰማይ ክፍል በአንድ ሌሊት፣ በመካከሉ ጊዜ እየሰጡ፣ አምስት ጊዜ ያነሱታል። ኮምፒውተሩ ምስሎቹን ኮከብ በኮከብ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይደራርባቸዋል፤ ያልተንቀሳቀሰውን ሁሉ ይጥላል። የሚፈለገው በአምስቱም ምስሎች ላይ በቀጥታ መስመር፣ በእኩል እርምጃ ቦታውን የቀየረ ነጥብ ነው። ሁለት ምስል ብቻ ቢሆን ኖሮ የተበላሸ ፒክስልና በካሜራው ላይ ያረፈ የኮስሚክ ጨረር ተጣምረው «የሚሄድ አካል» ሊመስሉ ይችላሉ። ሦስት ሲሆን ስህተቱ ይቀንሳል። አምስት የተለያዩ ጉድለቶች በእኩል ርቀት በአንድ መስመር ላይ የሚሰለፉበት አጋጣሚ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እርምጃዋ ምን ያህል ነው? ድንቅነሽ ከምድር አንጻር ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ስትቆም፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብላ በምትታይበት ወቅት፣ ምድር በሴኮንድ 30 ያህል ኪሎ ሜትር፣ እርሷ ደግሞ 20 ያህል ኪሎ ሜትር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ምድር ስለምትቀድማት ድንቅነሽ ከኮከቦቹ አንጻር ወደ ኋላ፣ ወደ ምዕራብ፣ የምትንሸራተት ትመስላለች፤ በሰዓት ወደ 40 አርክሰከንድ ገደማ (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። በአንድ ቀን ሩብ ዲግሪ አለፍ ያለ ነው። ይህ ፍጥነት ራሱ መታወቂያ ነው። በሰዓት 30 ወይም 40 አርክሰከንድ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ነጥብ ከዋናው ቀበቶ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚሮጥ ወደ ምድር የሚጠጋ ሊሆን ይችላል፤ በጣም የሚዘገይ ከጁፒተር ወዲያ ነው። ይህ መመዘኛ የሚያሳስተው አካሉ ከፀሐይ ተቃራኒ ካለው ቦታ ርቆ፣ ወደ ኋላ መንሸራተቱን አቁሞ ወደ ፊት ሊዞር ሲል ነው። ያን ጊዜ ተራው የቀበቶ አስትሮይድ ሁሉ የቆመ ይመስላል።

የልኬቱ ውጤት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ወደሚገኘው የትናንሽ ፕላኔቶች ማዕከል ይላካል። ማዕከሉ ከሚታወቁት አካላት ጋር ያስተያየውና አዲስ ከሆነ ጊዜያዊ መለያ ይሰጠዋል። የድንቅነሽ «1999 ቪዲ57» ነበር። አነባበቡን ማወቅ ደስ ይላል። 1999 የተገኘችበት ዓመት ነው። «ቪ» የኖቬምበርን የመጀመሪያ አጋማሽ ያመለክታል፤ ዓመቱ በ24 የግማሽ ወር ክፍሎች ይከፈልና ለእያንዳንዱ አንድ የላቲን ፊደል ይሰጠዋል፣ «አይ» የምትባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር እንዳትምታታ ትዘለላለች። «ዲ» በዚያ ግማሽ ወር ውስጥ አራተኛዋን ስትል፣ 57 ደግሞ 25ቱ ፊደላት 57 ጊዜ ዞረው ማለቃቸውን ይናገራል። 57 በ25 ሲባዛ 1425፤ አራት ሲደመር 1429። ስለዚህ ድንቅነሽ በዚያ የግማሽ ወር ዝርዝር ውስጥ 1429ኛዋ ነበረች። በ1801 ጁሴፔ ፒያሲ በፓሌርሞ የመጀመሪያዋን አስትሮይድ፣ ሴሬስን፣ ብቻዋን ያገኘበትን ዘመንና ይህን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአሰሳ ካሜራዎች ምን እንዳመጡ ይነግራል።

ምህዋሩ እስኪጸና

የአንድ ሌሊት ልኬት ምህዋር አይሰጥም። አቅጣጫና ፍጥነት ይሰጣል እንጂ ርቀት አይሰጥም፤ ያንኑ አጭር መስመር የሚሠሩ ቅርብም ሩቅም ምህዋሮች ብዙ ናቸው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ሴሬስ ከፀሐይ ጀርባ ገብታ በጠፋች ጊዜ ከጥቂት ልኬቶች ተነስቶ ምህዋሯን አሰላ፤ በ1801 የመጨረሻ ቀን ስሌቱ በጠቆመው አካባቢ ተገኘች። ከሦስት የተለያዩ ቀኖች የተወሰደ ልኬት ለመነሻ ይበቃል፤ ይሁንና መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ልየው። የድንቅነሽ አማካይ ርቀት 2.19 የሥነ ፈለክ አሃድ ነው (አንዱ አሃድ የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት፣ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር)። በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ 2.19ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው (2.19 × 2.19 × 2.19) 10.50 ይሆናል፤ የዚህ ካሬ ሥር 3.24፣ የዙሯ ዘመን ነው። አሁን አማካይ ርቀቷን ስንለካ 0.001 አሃድ ብቻ ብንሳሳት የዙሩ ዘመን በ19 ሰዓት ተኩል ያህል ይዛባል። በሴኮንድ 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አካል ይህ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከምድር ሲታይ ግማሽ ዲግሪ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ጋር ይቀራረባል። በአንድ ዙር ብቻ! የጠባብ ካሜራ ምስል ይህን ሁሉ ስፋት አይሸፍንም፤ በዚህ ስፋት ውስጥ ደግሞ በርካታ ሌሎች ደብዛዛ አስትሮይዶች ይኖራሉ። ብዙ ጊዜያዊ መለያዎች ባለቤት አጥተው የሚቀሩት፣ ወይም አንዱ አካል ሁለትና ሦስት መለያ ይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማዕከሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምህዋሩ አስተማማኝ ሲሆን ነው። ለቀበቶ አስትሮይድ ይህ በተለምዶ ከፀሐይ ተቃራኒ በምትቆምባቸው አራት ያህል የተለያዩ ወቅቶች መለካቷን ይጠይቃል። ድንቅነሽ ወደዚህ ቦታ የምትመለሰው በየ17 ወሩ ገደማ ስለሆነ፣ ቆየት ያሉ ምስሎች በማኅደር ካልተገኙ በቀር ሥራው ዓመታት ይፈጃል። 152830 የሚለው ቁጥር ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ለእኔ ከስሙ እኩል ክብር የሚገባው ይህ ቁጥር ነው፤ «ከእንግዲህ አትጠፋም» ማለት ነውና።

የጸናው ምህዋር ይህን ይመስላል። ለፀሐይ ስትቀርብ 1.95፣ ስትርቅ 2.44 አሃድ ላይ ትደርሳለች። ከምድር ምህዋር ገጽ ያላት ዝንባሌ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ማርስ ከፀሐይ በጣም ስትርቅ 1.67 ላይ ስለምትቀር ሁለቱ ምህዋሮች አይገናኙም። በውጭ በኩል 2.5 አሃድ ላይ ባዶ የሚባል ክፍተት አለ፤ እዚያ ያለ አካል ሦስት ጊዜ ሲዞር ጁፒተር በትክክል አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ የጁፒተር ስበት በየጊዜው በአንድ ቦታ እየጎተተ ምህዋሩን ያንጋድደዋል። ዳንኤል ኪርክዉድ በ1860ዎቹ ያስተዋላቸው ክፍተቶች እነዚህ ናቸው። በውስጥ በኩል 2.1 አካባቢ ደግሞ በሳተርን ምክንያት የሚፈጠር ሌላ የማይረጋ ጠርዝ አለ። ድንቅነሽ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል፣ ወደ ውስጠኛው ቀረብ ብላ ተቀምጣለች።

ስፋቷ ሲገመት

ነጥብ ስፋት የላትም፤ ያላት ብርሃን ብቻ ነው። ከብርሃኑ ስፋትን ለማውጣት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ፍጹም ማግኒቲዩዷ (ከፀሐይም ከምድርም አንድ አንድ አሃድ ርቃ ሙሉ ፊቷ ቢታይ የሚኖራት ድምቀት) እና የፊቷ አንጸባራቂነት። ቀመሩ፦ 1329ን ለአንጸባራቂነቱ ካሬ ሥር ማካፈል፣ ከዚያ በ10 ላይ የማግኒቲዩዱን አምስተኛ ኔጌቲቭ አድርጎ ከፍ ባደረጉት ቁጥር ማባዛት፤ መልሱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። የድንቅነሽ ፍጹም ማግኒቲዩድ 17.6 አካባቢ ነው። አንጸባራቂነቷን 0.25 ብንል 0.8 ኪሎ ሜትር እናገኛለን፤ 0.05 ብንል 1.8 ኪሎ ሜትር። ከአንድ ልኬት ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት! ስለዚህ ቀለሟን ማወቅ ግድ ነበር። ትላልቅ ቴሌስኮፖች ብርሃኗን በቀስተ ደመና ቀለማት ዘርዝረው ሲያዩት ሲሊኬት የበዛባት፣ ድንጋያማው የኤስ ዓይነት አስትሮይድ መሆኗ ታወቀ። እንዲህ ያሉት ብሩህ ስለሆኑ ትንሹ ግምት አሸነፈ። በመንኩራኩር ከመጎብኘቷ በፊት የነበረው ግምት ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ነበር፤ ትክክልም ነበር።

መንኩራኩሯና ስሙ

ናሳ ሉሲ የተባለችውን መንኩራኩር ኦክቶበር 16 ቀን 2021 አመጠቀ። ዋና ግቧ ከጁፒተር ጋር በአንድ ምህዋር የሚዞሩትን ትሮጃን አስትሮይዶች መጎብኘት ነው። ስሟን ያገኘችው በ1974 ዶናልድ ጆሃንሰን በአፋር፣ ሐዳር ካገኛት፣ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት የ3.18 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ነው፤ ትሮጃኖቹ የፕላኔቶች አፈጣጠር ቅሪት ናቸው ከሚል ሐሳብ።

ድንቅነሽ በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ አልነበረችም። በፈረንሳይ የኒስ ኦብዘርቫቶሪ ባልደረባ የሆነው ራፋኤል ማርሻል ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ አስትሮይዶችን ምህዋር ከመንኩራኩሯ መንገድ ጋር አስተያየ፤ አንዷ ምንም ሳይደረግ በ64 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ታልፋለች። ያኔ ስም አልነበራትም፤ «1999 ቪዲ57» ብቻ ነበረች። በ2023 መጀመሪያ ናሳ ጉብኝቷን በይፋ ጨመረው፤ በሜይ ወር መንገዱን ለማስተካከል የተደረገው የመጀመሪያ የፍጥነት ለውጥ በሴኮንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር። ማዕከሉ ያጸናው ምህዋር ጥቅም ላይ የዋለው እዚህ ጋ ነው። ምህዋሩ ልቅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስሌት አይታሰብም።

ስሙ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የጸደቀው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው የኅብረቱ የትናንሽ አካላት ስያሜ ቡድን ነው። ደንቦቹ ጥብቅ ናቸው። ስሙ በላቲን ፊደል ክፍተቱን ጨምሮ ከ16 ፊደል አይበልጥም፤ ቢቻል አንድ ቃል ይሁን፤ በሆነ ቋንቋ የሚነበብ ይሁን፤ ሰው የሚያስቀይም ወይም ቀድሞ ከተሰጠ ስም ጋር የሚምታታ አይሁን። በፖለቲካ ወይም በጦርነት የሚታወቅ ሰው ከሆነ ከሞተ ወይም ድርጊቱ ከተፈጸመ 100 ዓመት ይሞላ። የንግድ ስም አይፈቀድም። አስትሮይዱ ቁጥር ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ አግኚው ለ10 ዓመት ስም የማቅረብ ቅድሚያ አለው፤ በሁለት ወር ግን ከሁለት ስም በላይ ማቅረብ አይችልም። ይህ የመጨረሻው ደንብ የሊኒየርን ጉዳይ ያስረዳል፦ በሺህ የሚቆጠር አስትሮይድ ላገኘ አሰሳ ስም ማውጣት ከግኝቱ ጋር ፈጽሞ እኩል አይሄድም። ከባለ ቁጥሮቹ አስትሮይዶች አብዛኞቹ ዛሬም ስም የላቸውም። ድንቅነሽም ጎብኚ ባይመጣባት ኖሮ እንዲሁ በቁጥሯ ብቻ ትኖር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ የአስትሮይድ ስም አይሸጥም። ገንዘብ ተቀብሎ «በስምህ አስትሮይድ አስመዝግቤልሃለሁ» የሚል ሁሉ የሚሰጠው ወረቀት ከኅብረቱ መዝገብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ኖቬምበር 1 ቀን 2023

ሉሲ ድንቅነሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በካሜራዋ ያየቻት ሴፕቴምበር 3 ቀን፣ ከ23 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ያኔም ነጥብ ነበረች። በተገናኙበት ቀን መንኩራኩሯ በሴኮንድ 4.5 ኪሎ ሜትር እየከነፈች በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈቻት። በዚያች ቅጽበት አስትሮይዷ ከመንኩራኩሯ ሲታይ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 0.6 ዲግሪ አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ካሜራው በጣም ጠባብ ነውና ትንሽ ከተዘገየ ባዶ ሰማይ ነው የሚያነሳው። ከምድር ትእዛዝ መላክም አይሆንም፤ የሬዲዮ ምልክቱ ራሱ ደቂቃዎች ይወስዳል። ስለዚህ መንኩራኩሯ በሰፊ ካሜራ አስትሮይዷን ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ እየተከተለች መዞር ነበረባት። የጉብኝቱ ዋና ዓላማም ይህን የመከተያ ሥርዓት ከትሮጃኖቹ በፊት መፈተን ነበር። በሚገባ ሠራ።

የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሲደርሱ ከድንቅነሽ ጎን ጨረቃ ተገኘች። ከግንኙነቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ድምቀቷ የሚለዋወጥበት መንገድ ቡድኑን «ሁለት ይሆኑ ይሆን?» አሰኝቶት ነበር፤ ጥርጣሬው ልክ ሆነ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ከቅርቡ ነጥብ 6 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከ1,630 ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሳው ምስል ወረደ። በእርሱ ላይ ጨረቃዋ አንድ ሳትሆን ሁለት የተጣበቁ ጉብታዎች ሆና ታየች፤ አንዱ 212፣ ሌላው 234 ሜትር ገደማ። በመጀመሪያው ምስል አንድ የመሰለችው አንዱ ጉብታ በሌላው ጀርባ በመስመር ላይ ስለተሰወረ ነው። ከሁለት የተጣበቁ አካላት የተሠራች ሆና በአስትሮይድ ዙሪያ ስትዞር የታየች የመጀመሪያዋ ጨረቃ ይህች ናት። በዚያው ወር መጨረሻ ሰላም ተባለች፤ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 በዲኪካ ባገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመት የሕፃን ቅሪተ አካል ስም። ሙሉ መጠሪያዋ «(152830) ድንቅነሽ 1 ሰላም» ነው።

አሁን ወደ ታረመው ነገር። ከጉብኝቱ በፊት ባሉት ወራት የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ድንቅነሽ በራሷ ዛቢያ ምን ያህል ጊዜ እንደምትዞር ለማወቅ ድምቀቷን ሌሊት በሌሊት ለኩ። አንድ አካል ሲዞር ሰፊና ጠባብ ጎኑ ስለሚፈራረቅ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ውጤቱ 52.67 ሰዓት ሆነ፤ ለዚህ መጠን አስትሮይድ ቀርፋፋ ነው። ልኬቱ ራሱ ስህተት አልነበረበትም። የሚዞረው ማን እንደሆነ ነበር ያልታወቀው። 52.67 ሰዓት ሰላም ድንቅነሽን የምትዞርበት ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ ድንቅነሽ አድርጋ ስለምትዞር ረጅሙ ቅርጿ በዚያው ልክ ይታያል፣ ይደበቃል። ድንቅነሽ ራሷ ወገቧ ክብ ስለሆነ ብርሃኗ ብዙ አይለዋወጥም። መንኩራኩሯ ካለፈች በኋላ ለቀናት ወደ ኋላ እያየች በለካችው ብርሃን ውስጥ ትክክለኛው ቁጥር ወጣ፦ 3.74 ሰዓት። የድምቀት ልኬት የሚሠራ ሁሉ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ከአንድ ሌሊት የሚረዝም ዑደት ሲያገኙ መጀመሪያ ከስሩ የተደበቀ አጭር ዑደት መኖር አለመኖሩን መመርመር ነው፤ ዋናውን ቀንሶ ቀሪውን እንደገና መፈተሽ።

ከጨረቃዋ የተገኘው ሚዛን

ጨረቃ መኖሯ ትልቅ ዕድል ነው፤ እናቲቱን ለመመዘን ያስችላልና። በ4.5 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ የሚያልፍ መንኩራኩር ከእንዲህ ያለ ትንሽ አካል የሚደርስበት የስበት መጎተት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰላም ግን ከድንቅነሽ መካከል በ3.1 ኪሎ ሜትር ርቀት በ52.67 ሰዓት ትዞራለች፤ ርቀቱን በሜትር ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዝቶ፣ በ4 እና በፓይ ካሬ አባዝቶ፣ ለስበት ቋሚ ቁጥርና ለጊዜው ካሬ (በሴኮንድ) ማካፈል ነው። የሁለቱ ድምር ክብደት 495 ሚሊዮን ቶን ያህል ይመጣል። የሦስቱ ሉሎች (የድንቅነሽና የሰላም ሁለት ጉብታዎች) ይዘት ሲደመር 206 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሲካፈል እፍግታው በአንድ ሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም። ስህተቱ በሁለቱም ወገን 350 ያህል ነው፤ አብዛኛውም የሚመጣው ያልታየው የአስትሮይዷ ጎን ቅርጹ በግምት ስለተሞላ ነው።

2,400 የሚለው ቁጥር ይናገራል። ከእንዲህ ዓይነት አስትሮይድ ይመጣሉ የሚባሉት ሜትዮራይቶች (ከሕዋ ምድር ላይ የወደቁ ድንጋዮች) ከዚህ ይከብዳሉ፤ ስለዚህ ውስጧ ክፍተት አለ። ድንቅነሽ አንድ ወጥ አለት ሳትሆን በራሷ ስበት የተያያዘ የድንጋይ ክምር ናት። ስበቷ እጅግ ደካማ ነው፤ ከፊቷ ለማምለጥ በሴኮንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍጥነት ይበቃል። በእግሩ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ከዚህ ይፈጥናል።

ቅርጿ ልጆች እንደሚያሾሩት ሽክርክሪት ነው፤ ወገቧ ላይ ዙሪያዋን የከበበ ሸንተረር፣ እርሱን የሚያቋርጥ ረጅም ቦይ አለ። ይህን የሠራው የፀሐይ ብርሃን እንደሆነ ይታሰባል። ብርሃን ወርዶ እንደ ሙቀት ተመልሶ ሲወጣ እጅግ ትንሽ ግፊት ይሰጣል፤ ቅርጹ ያልተስተካከለ አካል ላይ ይህ ግፊት በሚሊዮኖች ዓመታት ሽክርክሪቱን ያፈጥነዋል። በዚህ እፍግታ ያለ የድንጋይ ክምር በ2.1 ሰዓት አንድ ዙር ላይ ሲደርስ ወገቡ ላይ ያለው ድንጋይ ክብደት ያጣል። ከዚያ በፊት አካባቢ አንዱ ጎን ተናደ፣ ቦዩ ተከፈተ፣ የተበተነው ከፊሉ ተመልሶ ወገቧ ላይ ወድቆ ሸንተረሩን ሠራ፤ ከፊሉ በምህዋር ላይ ተሰብስቦ ጨረቃ ሆነ። ቦዩን ሸንተረሩ ተኝቶበታል፤ ስለዚህ ቦዩ ይቀድማል። የሰላም ሁለት ጉብታዎች እንዴት እንዲህ ተመጣጣኝ ሆኑ፣ እንዴትስ ሳይፈራርሱ ቀስ ብለው ተገናኝተው ተጣበቁ የሚለው ግን እስካሁን አጥጋቢ መልስ ያላገኘ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓ ጥያቄ ነው።

ራስዎ ሊያዩዋት ከፈለጉ

ይቻላል፤ ግን በዓይን አይደለም። ከፀሐይ ተቃራኒ በምትቆምበት ወቅት ማግኒቲዩዷ ከ19 እስከ 20 ትንሽ አለፍ ይላል፤ ለዓይን ከሚታየው የመጨረሻ ደብዛዛ ኮከብ ከ150 ሺህ ጊዜ በላይ የደበዘዘ ማለት ነው። ለፀሐይ በምትቀርብበት ወቅት የሚገጥመውን ዕድል መምረጥ ይጠቅማል፤ ከሩቁ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ማግኒቲዩድ በላይ ልዩነት አለው። 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር መስተዋት፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊትና የቀዘቀዘ ካሜራ ያስፈልጋል።

ቦታዋን 152830 ብሎ አስገብቶ ከማዕከሉ ወይም ከናሳ የምህዋር አገልግሎት ማውጣት ነው፤ የመመልከቻውን ቦታ ኬንትሮስና ኬክሮስ ሳይረሱ። አንዱን ምስል ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በላይ ክፍት አያድርጉት፤ በሰዓት 40 አርክሰከንድ ስለምትሄድ በ3 ደቂቃ 2 አርክሰከንድ ትንሸራተታለች፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ብርሃኗ መስመር ሆኖ ይሳሳል። ይልቅ 30 ወይም 40 አጫጭር ምስሎች አንስቶ፣ በኮከቦቹ ላይ ሳይሆን በእርሷ ፍጥነትና አቅጣጫ እያንሸራተቱ መደመር ነው። ያኔ ኮከቦቹ መስመር ይሆናሉ፣ እርሷ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ምስሎቹን በሦስት ክፍል ከፍለው ለየብቻ ቢደምሩ ሦስት ልኬት ያገኛሉ፤ በሦስቱም ላይ ካልታየች ያዩት ድምር ጫጫታ ነው።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በኢንተርኔት ወይም በጂፒኤስ ያስተካክሉ፤ አንድ ደቂቃ ቢሳሳት ቦታዋ በ0.7 አርክሰከንድ ይዛባል። የሚመዘገበው ጊዜ ምስሉ መነሳት የጀመረበት ሳይሆን የመካከሉ ነው፤ የምስል ፋይሎች የሚጽፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ለቦታ ልኬት መነሻ የሚሆኑት ኮከቦች ከጋያ ካታሎግ (የኮከቦችን ቦታ በትክክል ከያዘው መዝገብ) ይወሰዱ። ልኬቱን ወደ ማዕከሉ ለመላክ ባለ ሦስት ፊደል የጣቢያ ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ የሚገኘው በደንብ የሚታወቁ ደማቅ ባለ ቁጥር አስትሮይዶችን በተለያዩ ሌሊቶች ለክቶ ልኬቱ ከሚታወቀው ምህዋር ጋር መስማማቱን በማሳየት ነው። በድንቅነሽ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ማግኒቲዩዳቸው 15 ወይም 16 በሆኑት ላይ ሰዓትዎንና ካታሎግዎን ይፈትኑ።